ከመሠዊያው በታች የቆሙ መዘምራን
በእስፓኝ አሜሪካ የአገር ተወላጆች የቤተ ክርስቲያን ዘማሪዎች ስለ ነበራቸው ማዕረግ



ድል የነሣ መንግሥት ድል ለተነሣው ሕዝብ የሚሰጠው ክብር ምን ያህል እውነተኛ ነው? ይህ ጥያቄ በብዙ አገሮች ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ለገዢው የሚጠቅም ሙያ ያለው ሰው ከወገኖቹ ተለይቶ ይቀርባል፤ ልብሱ ይለወጣል፤ ግብሩ ይቀርለታል፤ ስሙም በበጎ ይጠራል። ነገር ግን የሚወጣበት ደረጃ ከአንድ ስፍራ ሲደርስ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ አንድ እርምጃ እንኳ አይፈቀድለትም። ስለዚህ ነገር ዛሬ ልንተርክላችሁ የመረጥነው ምሳሌ፥ በእስፓኝ ቅኝ ግዛት ሥር በነበረችው አሜሪካ በቤተ ክርስቲያን ያገለግሉ የነበሩት የአገሩ ተወላጆች መዘምራን ታሪክ ነው።

አንባቢ እንዳይቸገር አስቀድመን ሁለት ነገር እናመለክታለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። እንዲሁም እስፓኞች የአሜሪካን ነባር ሕዝብ «ሕንዶች» እያሉ ይጠሩት ነበር፤ ይኸውም ኮሎምቦስ በ1492 ዓ.ም. ሕንድ አገር የደረሰ ስለ መሰለው የወጣ የስሕተት ስም ነው። እኛ ግን የአገሩ ተወላጆች እንላቸዋለን።

ኤርናን ኮርቴስ የአዝቴኮችን ዋና ከተማ ቴኖችቲትላንን በ1521 ዓ.ም. በያዘ ጊዜ፥ በዚያች ከተማ ዜማና ማዕረግ ተለያይተው አያውቁም ነበር። በከተማይቱ ወጣቶች መዝሙርና ሽብሸባ የሚማሩበት የዜማ ቤት ነበረ። ታላላቅ ባላባቶችም በየግቢያቸው ዘማሪዎችና ግጥም ደራሲዎች ነበሯቸው። በበዓል ቀን ከበሮ የሳተ ወይም ዜማ ያፋለሰ ሰው ከባድ ቅጣት ይጠብቀው ስለ ነበረ፥ ሙያው የሚያስከብር የመሆኑን ያህል የሚያስፈራም ነበረ። ስለዚህ እስፓኞች ሲመጡ ዘማሪነትን የማያውቅ ሕዝብ አላገኙም፤ የመዘምራንን ሥርዓት ከጥንት ጀምሮ ያጸና ሕዝብ አገኙ እንጂ።

ይህን አስቀድመው ካስተዋሉት ሰዎች አንዱ ፔድሮ ደ ጋንቴ የተባለው የፍራንቸስኮ ማኅበር መነኩሴ ነው። ይህ ሰው በፍላንደርስ አገር የጌንት ከተማ ሰው ሲሆን፥ ከንጉሠ ነገሥት ካርሎስ 5ኛ ጋር የዝምድና ትስስር እንደ ነበረው ይነገራል። በ1523 ዓ.ም. ወደ ሜክሲኮ መጥቶ በመጀመሪያ በቴስኮኮ ተቀመጠ፤ በኋላም በሜክሲኮ ከተማ በቅዱስ ፍራንቸስኮ ገዳም አጠገብ ለተወላጆቹ ልጆች የሚሆን ትልቅ ትምህርት ቤት አቋቋመ። በ1572 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ የክህነት ማዕረግ ሳይቀበል ወንድም መነኩሴ እንደ ሆነ ኖረ። የአገሩን ቋንቋ ናዋትልን ተምሮ የሕዝቡን ጠባይ ሲያጠና፥ እነዚህ ሰዎች አማልክታቸውን የሚያመልኩት በዜማና በሽብሸባ መሆኑን ተመለከተ። ስለዚህ የክርስትናን ትምህርት በዜማ አድርጎ ማቅረብ ጀመረ። ከዚያ ወዲያ ሕዝቡ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ እንደ ጎርፍ መጣ።

የሜክሲኮ የመጀመሪያው ጳጳስ ሁዋን ደ ሱማራጋም በ1540 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ በላከው ደብዳቤ፥ ተወላጆቹ ከስብከት ይልቅ በዜማ እንደሚመለሱ፥ ዜማም ለመስማትና ለመማር ከሩቅ ስፍራ እንደሚመጡ አስታውቋል። ሞቶሊኒያ የተባለው መነኩሴ ደግሞ ባቆየልን ታሪክ እንደምናነበው፥ በትላስካላ አንድ ወጣት ተወላጅ የቅዳሴን ዜማ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በራሱ አእምሮ ደርሶ፥ የካስቲልያ አዋቂ ዘማሪዎች ሰምተው መልካም ነው ብለው መስክረውለታል። ይህ የሆነው ከድሉ በኋላ ሃያ ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ ነው። ከአንድ ትውልድ በፊት አውሮፓን በስም እንኳ የማያውቅ ሕዝብ ልጅ፥ ሦስትና አራት ድምፅ ባንድ ጊዜ ተስማምቶ የሚዜምበትን የአውሮፓን ጥበብ ከማወቅ አልፎ ራሱ ደራሲ እስከ መሆን ደረሰ።

አሁን ወደ ማዕረጉ ነገር እንመለስ። ከድሉ በኋላ የተወላጁ ገበሬ ኑሮ ሁለት ሸክም የተጫነው ነበር። አንደኛው ለንጉሡ ወይም ለተመደበለት እስፓኛዊ ጌታ የሚከፍለው ግብር ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በእርሻ፥ በሕንፃ ሥራና በማዕድን ጉድጓድ የሚያበረክተው የጉልበት አገልግሎት ነው። ከነዚህ ሁለት ሸክሞች ነፃ የሚሆኑት ጥቂቶች ሲሆኑ፥ ዋነኞቹም ባላባቶችና የመንደር ሹማምንት ነበሩ። መዘምራኑም በብዙ ስፍራ በዚሁ ነፃነት ውስጥ ገቡ። እንግዲህ በመንደር ውስጥ ለተወለደ አንድ ልጅ፥ መነኩሴው ድምፁን ወድዶለት ወደ መዘምራን ማኅበር ቢያስገባው፥ ነገሩ ዜማ መማር ብቻ አልነበረም። ማንበብና መጻፍ ይማራል፤ ከባላባት ልጆች ጋር ይቀመጣል፤ በበዓል ቀን በሕዝብ ፊት ይቆማል፤ አባቱ የተሸከመውንም ቀንበር አይሸከምም።

ከዚህም የተነሣ የመዘምራኑ ቍጥር በየዓመቱ እየበዛ ሄደ። እያንዳንዱ መንደር ከጎረቤቱ መንደር የሚበልጥ የመዘምራን ጓድ እንዲኖረው ይፎካከር ጀመር። መለከት፥ ዋሽንት፥ ቺሪሚያ የተባለ ድምፀ ብርቱ የእንጨት እምቢልታና ሌላም መሣሪያ በማኅበር ገንዘብ ይገዛ ነበር። ብልሃተኞች የሆኑት የአገሩ ተወላጆችም ብዙውን መሣሪያ ራሳቸው መሥራት ጀመሩ። ለሕዝቡ ይህ ውድድር የመንደር ክብር ነበረ፤ አማልክቱ ፈርሰው፥ ቤተ መንግሥቱ ተቃጥሎ፥ ባላባቱ ተዋርዶ ሳለ፥ አንድ መንደር እኔም አለሁ ብሎ በአደባባይ ድምፁን የሚያሰማበት መንገድ በቤተ ክርስቲያን ዜማ በኩል ተገኘ።

ገዢዎቹ ግን ነገሩን በሌላ ዓይን ይመለከቱት ጀመር። በ1555 ዓ.ም. ሊቀ ጳጳስ አሎንሶ ደ ሞንቱፋር የመራው የመጀመሪያው የሜክሲኮ ሲኖዶስ የመሣሪያዎቹንና የመዘምራኑን ብዛት የሚወስን ሥርዓት አወጣ። መለከት በቅዳሴ ጊዜ እንዳይነፋ፥ ሌላ አዲስም እንዳይገዛ፥ ቺሪሚያውና ዋሽንቱ በዋናው ቀበሌ ተቀምጠው ለታናናሾቹ መንደሮች በበዓላቸው ቀን እንዲታደሉ አዘዘ። በኦርጋን መገልገል ግን እንዲስፋፋ ተመከረ። ስድስት ዓመት ቆይቶ በ1561 ዓ.ም. ንጉሥ ፊሊጶስ 2ኛ ለሜክሲኮ ባለ ሥልጣኖች በላከው ትእዛዝ፥ የመለከት ነፊዎችና የዘማሪዎች ብዛት ከልክ ያለፈ መሆኑን፥ እነዚህም ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በገዳም ያደጉ ሥራ ፈቶች እንደ ሆኑ፥ በየመንደሩ የሰው ሚስትና ልጃገረድ እንደሚያበላሹ፥ ግብርም እንደማይከፍሉ ተነግሮኛል በማለት ቍጥራቸው እንዲቀነስ አዘዘ።

አንባቢ ይህን ትእዛዝ በጥሞና ይመልከተው። ክሱ ስለ ሥነ ምግባር የቀረበ ይመስላል፤ በውስጡ ግን የግብር ነገር አለበት። በዚያ ዘመን ከአውሮፓ በመጡት በሽታዎች የተነሣ የሜክሲኮ ሕዝብ እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። በተለይ ከ1545 ዓ.ም. እስከ 1548 ዓ.ም. የወረደው ቸነፈር ብዙ መንደሮችን ባዶ አስቀርቷል። ሕዝቡ ሲቀንስ ግብር ከፋዩም ይቀንሳል፤ ግብር ከፋይ ሲቀንስ ደግሞ ከግብር ነፃ የሆነ እያንዳንዱ ሰው በገዢው ዓይን ውስጥ ይገባል። መዘምራኑ በሕዝብ ብዛት ዘመን የቤተ ክርስቲያን ጌጥ ሲባሉ ቆይተው፥ በሕዝብ ማነስ ዘመን ሥራ ፈት ተባሉ። የሚያዜሙት ዜማ ግን አልተለወጠም።

እውነቱን ለመናገር፥ ጕዳዩ ሌላም ወገን አለው። ግብር በማኅበር ሲጣል፥ አንድ ሰው ነፃ የሆነበትን ድርሻ የሚሸከመው ጎረቤቱ ነው። ስለዚህ በመዘምራኑ ክብር የሚደሰተው ገበሬ ራሱ የዚያን ክብር ዋጋ በጀርባው ይከፍል ነበር። በየመንደሩም ይህ ነገር ቅሬታ ሳያስነሣ አልቀረም። ሆኖም የመንደሩ ሰዎች ቅሬታቸውን እየዋጡ መዘምራኑን ማቆየታቸው፥ ዜማው ለነሱ ከገንዘብ የሚበልጥ ነገር እንደ ነበረ ያስረዳል።

ከብዙ ክርክር በኋላ መንግሥቱ ነገሩን በሕግ ወሰነው። ንጉሥ ፊሊጶስ 3ኛ በ1618 ዓ.ም. ባወጣው ድንጋጌ፥ ከመቶ በላይ ተወላጆች በሚኖሩበት መንደር ሁሉ ሁለት ወይም ሦስት ዘማሪዎች፥ ደግሞም ልብሰ ተክህኖውን የሚጠብቅና ቤተ ክርስቲያኑን የሚጠርግ አንድ የዕቃ ቤት ጠባቂ እንዲኖር፥ እነዚህም ከግብርና ከጉልበት አገልግሎት ነፃ እንዲሆኑ ታወቀ። ይህ ድንጋጌ በ1680 ዓ.ም. በጸደቀው የቅኝ ግዛቶቹ የሕግ መጽሐፍ ውስጥ ገብቷል። በዚህ ሕግ የዘማሪው ማዕረግ ተረጋገጠ፤ ነገር ግን ቀድሞ በብዙ የሚቆጠረው የመዘምራን ጓድ በሕግ ፊት ሁለትና ሦስት ሰው ብቻ ሆኖ ቀረ። የቀሩት በቤተ ክርስቲያን ቢያዜሙም በሕግ ዘንድ ግብር ከፋይ ገበሬዎች ነበሩ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የግብር ነገር አይደለም። የመሣሪያዎቹን ብዛት የወሰነው ያው የ1555 ዓ.ም. ሲኖዶስ፥ ተወላጆችና ከነሱ የተደባለቁ ወገኖች ክህነት እንዳይሰጣቸው ከልክሎ ነበር። በፔሩ አገር በሊማ ከተማ ከ1567 ዓ.ም. እስከ 1568 ዓ.ም. የተሰበሰበው ሲኖዶስም እንዲሁ አዲስ ክርስቲያን የሆኑት ተወላጆች ማናቸውንም የክህነት ማዕረግ እንዳይቀበሉ ወሰነ። በአንጻሩ ደግሞ ከ1582 ዓ.ም. እስከ 1583 ዓ.ም. በዚያው በሊማ የተሰበሰበው ሦስተኛ ሲኖዶስ በተወላጆቹ አጥቢያዎች የዜማ ትምህርት ቤት፥ የመዘምራን ጓድ፥ የዋሽንትና የቺሪሚያ ማኅበር እንዲኖር አዘዘ፤ ምክንያቱም ይህ ሕዝብ በሥርዓቱ ውበት ይሳባል የሚል ነበር።

እነዚህን ውሳኔዎች ጎን ለጎን አድርገን ብንመለከታቸው የመዘምራኑ ስፍራ ቍልጭ ብሎ ይታየናል። ድምፃቸው ይፈለጋል፤ እጃቸው ግን ከመሠዊያው እንዲርቅ ይደረጋል። የቅዳሴውን ቃል በላቲን ቋንቋ በቃላቸው ያውቁታል፤ ዜማውን ከካህኑ ይልቅ አስተካክለው ያዜሙታል፤ ነገር ግን ካህን ሊሆኑ አይችሉም። በኋላ ዘመን፥ በተለይም ካርሎስ 2ኛ በ1697 ዓ.ም. የተወላጆቹ ባላባቶች ልጆች ለክብር ማዕረግ ሁሉ የተገቡ መሆናቸውን ካወጀ ወዲህ፥ በሩ በጥቂቱ ተከፈተ። ይሁን እንጂ ለተራው የመንደር ዘማሪ የቆመበት ደረጃ የመጨረሻው ደረጃ ሆኖ ኖረ።

በዚህ ደረጃ ላይ የቆመውን ሰው ኑሮ ከውስጥ አይቶ የጻፈልን የፔሩ ተወላጅ የሆነው ዋማን ፖማ ደ አያላ ነው። ይህ ሰው በ1615 ዓ.ም. አካባቢ ከአንድ ሺሕ ገጽ የሚበልጥ፥ በብዙ ሥዕል የተሞላ መጽሐፍ ለንጉሥ ፊሊጶስ 3ኛ ጽፎ ነበር። መጽሐፉ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ በ1908 ዓ.ም. በዴንማርክ አገር በኮፐንሃገን በንጉሣዊው ቤተ መጻሕፍት ተገኝቷል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ለእመቤታችን የሚዜመውን መዝሙር ሲያዜሙ የተሣሉ የአገሩ ተወላጆች መዘምራን አሉ። ዋማን ፖማ ሥዕሉን የሣለው ለጌጥ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉት መምህራንና ዘማሪዎች ለድካማቸው ዋጋ እንዲያገኙ፥ ካህናቱም እንዳያንገላቷቸው ለንጉሡ ያመለክታል። ከዚህም ጋር አንድ የሚያስገርም ነገር ይገልጻል፤ ብዙዎቹ ካህናት ማንበብና መጻፍ የሚያውቀውን ተወላጅ አይወዱትም ነበር፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለው ሰው በደላቸውን ጽፎ አቤቱታ ያቀርብባቸዋልና ነው።

እንግዲህ የቅኝ ገዢው ሥርዓት የገጠመው ችግር ይህ ነው። ዘማሪ ለማግኘት ሲባል ሰው ማስተማር ያስፈልጋል፤ የተማረ ሰው ደግሞ ዜማ ብቻ አያነብም። የዜማውን መጽሐፍ ማንበብ የተማረው ዓይን የሕጉንም መጽሐፍ ያነባል፤ መዝሙር የሚገለብጠው እጅ አቤቱታም ይጽፋል።

የመገልበጡ ሥራ ራሱ ምን ያህል ታላቅ እንደ ነበረ ከጓቴማላ ተራራማ አገር የተገኙ መጻሕፍት ይመሰክራሉ። በ1963 ዓ.ም. በሳን ሚጌል አካታን በተባለ መንደር የተገኙት እነዚህ የብራና ዘመንን ያህል የተጠበቁ የዜማ መጻሕፍት፥ ዛሬ በአሜሪካ በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። በውስጣቸው የአውሮፓ ታላላቅ የዜማ ደራሲዎች የነሄንሪክ ኢሳክ ድርሰት አለ። ከጸሐፊዎቹም አንዱ ቶማስ ፓስኩዋል የተባለ የአገሩ ተወላጅ ሲሆን፥ ከ1595 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 1635 ዓ.ም. ድረስ በሳን ሁዋን ኢሽኮይ መንደር የመዘምራን አለቃ ነበረ። አርባ ዓመት ሙሉ በአንዲት የተራራ መንደር ተቀምጦ የሩቅ አገር ዜማ ሲገለብጥና የራሱንም ሲጨምር የኖረ ሰው ነው። በትልልቆቹ ከተሞች ዋና ካቴድራሎች ቢሆን ኖሮ፥ የመዘምራን አለቅነት በአብዛኛው ለእስፓኞች የተጠበቀ ስለ ነበረ፥ እንደ እርሱ ያለው ሰው የሚያገኘው ሥራ ከአለቃው በታች ሆኖ መሣሪያ መንፋት ነበር። በመንደሩ ግን አለቃ ሆነ።

ከጓቴማላ ወደ ደቡብ ርቀን ዛሬ ቦሊቪያ ወደምትባለው አገር ቆላ ብንወርድ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነገር እናገኛለን። በዚያ በሞክሶስና በቺኪቶስ የኢየሱሳውያን መነኮሳት ተወላጆቹን በከተማ ሰብስበው ያስተዳድሩ ነበር። በነዚህ ከተሞች የመዘምራኑ ጓድ ከሸንጎው ሹማምንት ጋር የሚቆጠር የክብር ማኅበር ነበረ። ንጉሥ ካርሎስ 3ኛ በ1767 ዓ.ም. ኢየሱሳውያንን ከግዛቱ ሁሉ ባባረረ ጊዜ፥ መምህራኑ ስለ ሄዱ ዜማው ይጠፋል ብሎ ያልጠበቀ አልነበረም። ዜማው ግን አልጠፋም። በ1790 ዓ.ም. በሞክሶስ በሳን ፔድሮ ከተማ፥ ፍራንሲስኮ ሴሞ፥ ማርሴሊኖ ኢቾና ሁዋን ሆሴ ኖሳ የተባሉ ሦስት ተወላጆች ለንግሥት ማሪያ ሉዊሳ ክብር ዜማ ደረሱ። አገረ ገዢው ላሳሮ ደ ሪቤራም ወደ እስፓኝ ላከው፤ ጽሑፉም በሴቪሊያ ከተማ በሚገኘው የቅኝ ግዛቶቹ መዝገብ ቤት ይገኛል። በቺኪቶስም መዘምራኑ የዜማ መጻሕፍቱን ከትውልድ ወደ ትውልድ እየጠበቁና እየገለበጡ ስላቆዩ፥ ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ አብያተ ክርስቲያናቱ በሚታደሱበት ጊዜ ብዙ ሺሕ ገጽ የዜማ ጽሑፍ ተገኝቷል። መነኮሳቱ የአንድ መቶ ዓመት ያህል እንግዶች ነበሩ፤ መጽሐፉን ሁለት መቶ ዓመት የጠበቁት ግን ዘማሪዎቹ ናቸው።

የመዘምራኑ ማዕረግ እስከ ምን ድረስ ሊደርስ እንደሚችል በግልጥ የሚያሳየው ግን የዩካታን ታሪክ ስለሆነ፥ ለመጨረሻ ያቆየነው እርሱን ነው። ዩካታን ከሜክሲኮ በስተምሥራቅ ወደ ባሕር የገባ የማያ ሕዝብ አገር ነው። በዚያ ከታወቁት የመጀመሪያ ዘማሪዎች አንዱ ጋስፓር አንቶኒዮ ቺ ይባላል። የታላቁ የሽዩ ባላባት ወገን ሲሆን፥ አባቱ በ1536 ዓ.ም. ገደማ በጠላት ወገን እጅ ተገደለ። ልጁ በፍራንቸስኮ ማኅበር መነኮሳት ዘንድ አድጎ እስፓኝኛና ላቲን ተማረ፤ በቲሲሚን መንደር የመዘምራን አለቃ፥ በሜሪዳ ካቴድራልም የኦርጋን መቺ ሆነ፤ ኋላም የአገረ ገዢው ዋና አስተርጓሚ ለመሆን በቃ። በቲሲሚን ሳለ ሰዋስው ካስተማራቸው ልጆች አንዱ ሳንቼስ ደ አጊላር ነው። ይህ ልጅ አድጎ ካህን ሆነና ስለ ማያዎች ጣዖት አምልኮ የሚታወቅ መጽሐፍ ጻፈ። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ተማሪው እስፓኛዊ ስለ ሆነ ካህን ሆነ፤ መምህሩ ግን ማያ ስለ ሆነ ከኦርጋኑ ወንበር አላለፈም።

በዩካታን መንደሮች ካህን የሚገኘው አልፎ አልፎ ነበር። ስለዚህ ማኤስትሮ ካንቶር ተብሎ የሚጠራው የመዘምራን አለቃ፥ በእኛ አጠራር መሪጌታ ብንለው የሚስማማው ሰው፥ ሥራው ዜማ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ልጆችን ያስተምራል፤ ጸሎቱን ይመራል፤ ካህን በሌለ ጊዜ ሙታንን ይቀብራል፤ ሞት ላሠጋውም ሕፃን ጥምቀት ይሰጣል፤ የጥምቀቱን፥ የጋብቻውንና የሞቱን መዝገብ ይጽፋል። ከነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ የመንደር ጸሐፊዎችም ስለ ነበሩ የመሬት ውልና የኑዛዜ ጽሑፍ በእጃቸው ያልፍ ነበር። ሕዝቡም በቀድሞው ዘመን ለካህናቱ ይሰጥ የነበረውን አክብሮት ወደ እነርሱ አዞረ።

ገዢዎቹ ይህን አልሳቱትም። በ1562 ዓ.ም. ዲዬጎ ደ ላንዳ የተባለው የፍራንቸስኮ ማኅበር አለቃ ስለ ጣዖት አምልኮ ብርቱ ምርመራ ባደረገ ጊዜ፥ በሥቃይ ከተጠየቁት ሰዎች በተገኘው ቃል ውስጥ የመንደር መምህራን ስም ይገኝበት ነበር። በግርፋት የተገኘ ቃል ምን ያህል እንደሚታመን አንባቢ ራሱ ይፍረድ። ነገር ግን ቀን የላቲኑን መዝሙር የሚያዜመው ሰው ማታ የአባቶቹን ታሪክ አልረሳም ማለት ከእውነት የራቀ አይደለም። ላንዳ የማያን የጥንት መጻሕፍት በእሳት አቃጠለ፤ ማያዎች ግን መነኮሳቱ ባስተማሯቸው የላቲን ፊደል፥ በገዛ ቋንቋቸው የአገራቸውን ታሪክና ትንቢት እንደገና ጻፉ። ቺላም ባላም ተብለው የሚጠሩትን እነዚህን መጻሕፍት ከጻፉትና ከገለበጡት ሰዎች መካከል የመዘምራን አለቆቹ እንደሚገኙባቸው የታሪክ ሊቃውንት ያምናሉ።

ከእስፓኝ አገዛዝ መውደቅ በኋላም ነገሩ አላበቃም። በ1847 ዓ.ም. የዩካታን ማያዎች በመሬታቸው መነጠቅና በግብሩ ብዛት ተማርረው በዩካታን ገዢዎች ላይ ተነሡ። ጦርነቱ በጸናባቸው ጊዜ ወደ ምሥራቁ ጫካ ገብተው ቻን ሳንታ ክሩስ የተባለችውን ከተማ መሠረቱ፤ እስከ 1901 ዓ.ም. ድረስም በዚያ ራሳቸውን ችለው ኖሩ። በዚያ ጫካ ውስጥ ለነሱ የሚቀድስ የካቶሊክ ካህን አልነበረም። ታዲያ ቅዳሴው እንዴት ሆነ? የመዘምራን አለቆቹ ራሳቸው ወደ መሠዊያው ወጥተው ቀደሱ። ሥርዓቱን ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፉ ስለ ኖሩ ቃሉም ዜማውም አልጠፋባቸውም። ሕፃናቱን አጠመቁ፤ ሙሽሮቹን አጋቡ፤ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ከታች ቆመው ያዜሙለት የነበረውን ቅዳሴ ራሳቸው ፈጸሙት። የቤተ ክርስቲያኒቱ ሕግ ይህን ክህነት አይቀበለውም፤ ሕዝቡ ግን ሌላ ካህን አልጠየቀም።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? በመጀመሪያ ያነሣነው ጥያቄ፥ ገዢ የሚሰጠው ክብር ምን ያህል እውነተኛ ነው የሚል ነበር። መልሱ ከሁለት ወገን የሚታይ ነው። ከሰጪው ወገን ብናየው ክብሩ የተመጠነ ነበር፤ ሲያስፈልግ ይሰፋል፥ ግብር ሲጎድል ይጠባል፥ ከመሠዊያው ደጃፍ ሲደርስም ያበቃል። ከተቀባዩ ወገን ብናየው ግን ሌላ ነው። መዘምራኑ የተሰጣቸውን ጥቂት ነገር፥ ማለትም ፊደሉን፥ ዜማውንና በሕዝብ ፊት መቆምን፥ ለራሳቸው ጥቅም ብቻ አላዋሉትም። መንደራቸው የሚሰባሰብበት፥ ታሪኩ የሚጻፍበት፥ አቤቱታው የሚሰማበት መሣሪያ አደረጉት እንጂ።

ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፥ በቅኝ ግዛት ዘመን ከገዢው ጎን ቆሞ ያገለገለውን ሰው ሁሉ በአንድ ቃል ሎሌ ብሎ ከመፍረድ በፊት፥ በእጁ የገባውን ነገር ለምን እንዳዋለው መመርመር ይገባል። ቶማስ ፓስኩዋልም ሆነ ጋስፓር አንቶኒዮ ቺ ያገለገሉት የባዕድ ሥርዓት ነበር። ነገር ግን የባዕዱ መንግሥት ካለፈ በኋላ በመንደራቸው የቀረው የአገረ ገዢው ዐዋጅ ሳይሆን፥ እነሱና ጓደኞቻቸው የጻፉት መጽሐፍና ያስተማሩት ዜማ ነው።